ትከሻዬ ደርቆ እንዴት እንደተፈታ

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ መድረቁን መጀመሪያ ያሳበቀብኝ የክፍሉ ሰሌዳ ነው። የላይኛው መስመር ላይ መጻፍ አቃተኝ። ቆይቶ መሃሉም እምቢ አለኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ከኋላ አይታየንም" ሲሉኝ ነው ሁሉን ነገር ከደረቴ በታች እየጻፍኩ እንደሆነ ያስተዋልኩት።

ቤት ውስጥም በሩ አንድ በአንድ ተዘጋ። ነጠላ ወደ ትከሻ መወርወር ቀረ። ጡት ማስያዣ ከኋላ መቆለፍ ቀረ። ጸጉሬን ልጄ ትሠራልኝ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ሂሳብ ወደ ፊት ማቀበል እንኳ ፈተና ሆነ። ሌሊቱ ከሁሉ ይብሳል። በቀኝ ጎኔ ከተገለበጥኩ ጩኸት ነው። ቀን ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሊወድቅ ሲል ድንገት እጄን ከወነጨፍኩ ዓይኔ እስኪጨልም ያመኛል። ይሄኛውን ሕመም የቀመሰ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ሐኪሞች ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያለ ሰው ነው። ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ በጣም ይበዛል፤ የታይሮይድ ችግር ያለበትም ተጋላጭ ነው። እኔ ሴት ነኝ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ነበር፣ ስኳርም አለብኝ። ዕጣው ቢደርሰኝ አይገርምም። ግን ስሙን እስክሰማ ድረስ "ብርድ ነው"፣ "ነርቭ ነው"፣ "ጅማት ዞሮብሽ ነው" ያላለኝ የለም። ዘመድ ሁሉ ሐኪም ነው።

ራጅ ተነሳሁ። "ንጹህ ነው፣ ምንም የለም" ተባልኩ። እጁን ማንሳት ላቃተው ሰው ይሄ እንዴት እንደሚያናድድ! ነገሩ ግን ትክክል ነው። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንት ነው። በዚህ በሽታ የሚታመመው ደግሞ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ለስላሳ ከረጢት ነው። ራጁ ያስፈለገው ስብራት ወይም ያለቀ መገጣጠሚያ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ንጹህ ራጅ ይዛችሁ እጃችሁ ካልተነሳ "የለብሽም" ተብያለሁ ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት የምትችሉት መለያ አለ። ቆሙ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ወደ 90 ዲግሪ እጠፉት፣ ጣቶቻችሁ ወደ ፊት ይጠቁሙ። አሁን ክርናችሁ ሳይለቅ እጃችሁን ወደ ውጭ አዙሩ። ሁለቱን ጎን አወዳድሩ። የደረቀ ትከሻ መጀመሪያ የሚያጣው ይሄን ዙረት ነው። ሁለተኛው፦ ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ እጃችሁን ያንሳላችሁ። ጡንቻና ጅማት ተቆርጦ ከሆነ ራሳችሁ ያቃታችሁን ሌላው ያነሳላችኋል። ትከሻው ደርቆ ከሆነ ግን ማንም አያነሳውም። እዚያው ግጭት ይላል። ይሄ ምርመራን አይተካም፤ ለሐኪሙ በትክክል ለመናገር ግን ይጠቅማል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ግራ ትከሻ ወይም ግራ እጅ ላይ የመጣ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የማከም ሙያ፣ በአጭሩ ፊዚዮ) ጉዳይ አይደለም፤ በአስቸኳይ ሆስፒታል ነው። ከመውደቅ በኋላ የመጣ፣ ትኩሳትና እብጠት ያለው፣ ወይም እጅን የሚያደነዝዝና የሚያሰንፍ ሕመምም ቶሎ ሐኪም ይየው።

ከሐኪሙ በፊት እህቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። እህቴን እምቢ የሚል ሰው አላውቅም፤ እሺ ብዬ ሄድኩ። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው። ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ግራውንም ያዙ፣ አወዳደሩ። ቀስ ብለው ዞር አደረጉት፤ ሲይዝባቸው ተዉት። "ልጄ፣ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው። ይሄ ውልቃት አይደለም። ብጎትተው እጎዳሻለሁ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ" አሉኝ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ብዙ ሰው ወጌሻ ሲባል ቅቤና ጉተታ ብቻ ይታየዋል። እኔ ግን "ይሄ የኔ አይደለም" ማለት የሚያውቅ ባለሙያ ያየሁት እዚያ ነው። የደረቀና የተቆጣ ትከሻን በጉልበት መጎተት አደገኛ ነው። ቅቤ ተቀብቶ በኃይል የተጎተተ ሰው ሌሊቱን ሲያቃስት እንደሚያድር ከሌላ የሰፈራችን ሴት ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ ጻፈልኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙ ይቅር። አልጋ ላይ አስተኙኝ። ሙቅ ፓክ ጣል ተደረገብኝ። ከዚያ ቴንስ የሚባለው ማሽን ተለጠፈ፣ ንዝር ንዝር ይላል። ከዚያ በጄል አልትራሳውንድ፤ ምስል ለማንሳት ሳይሆን በድምፅ ሞገድ ለማከም። መጨረሻ ላይ ትንሽ መታሸት። "ጨርሰዋል፣ ነገ ይምጡ።" በነጋታውም እንደዚያው። ሳምንታት አለፉ። እጄ የት ድረስ እንደሚነሳ የለካ አልነበረም። ቤት ምን ልሥራ ብዬ ስጠይቅ "እጅዎን አያስቸግሩት" ተባልኩ።

ማሽኖቹ ውሸት አይደሉም። ሙቀት ጡንቻን ያላላል። ቴንስ ቆዳ ላይ በሚልከው ቀላል ኤሌክትሪክ የሕመሙን ስሜት ለተወሰነ ሰዓት ያደበዝዛል። አልትራሳውንዱ ለደረቀ ትከሻ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ሦስቱም ግን የተኮማተረ ከረጢት አይዘረጉም። ለእንቅስቃሴ መንገድ ሊያመቻቹ ይችላሉ፤ እንቅስቃሴውን ግን አይተኩም። ተኝታችሁ ብቻ የምትወጡበት፣ ምንም ነገር የማትሠሩበት ፊዚዮቴራፒ ከሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡ ባይ ነኝ።

ሁለተኛዋ ፊዚዮቴራፒስት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረች ወጣት ናት። አስተማሪ መሆኔን ከሰማች ጀምሮ "ቲቸር" ነው የምትለኝ። መጀመሪያ ቀን ምንም ማሽን አላበራችም። ጠየቀችኝ። ሌሊት ያመኛል ወይ? ወድቄ ነበር ወይ? ስኳሬ ስንት ነው? ከዚያ እጄን በየአቅጣጫው አንስታ በፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ ለካች። ጎኒዮሜትር ይባላል። እኔ ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ማዕዘን ሳስለካ ኖሬ፣ የራሴን ትከሻ የሚለካልኝ ሰው ገና ማግኘቴ ነው። ጤነኛ ትከሻ ወደ ፊት እስከ 180 ዲግሪ ይነሳል። የኔ 90 አካባቢ ቆመ። ወደ ውጭ መዞር ያለበት ወደ 90 ነው፤ የኔ 20 እንኳ አልሞላም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። "እንግዲህ ከዚህ ነው የምንነሳው" አለች።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ትከሻ ኳስና ጎድጓዳ መያዣ ነው። ዙሪያውን ስስ ከረጢት ሸፍኖታል። ጤነኛው ከረጢት በብብት በኩል ልል ነው፣ እጥፋት አለው፤ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ያ እጥፋት ይዘረጋል። ሲታመም ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ይኮማተራል። በፈላ ውሃ ታጥቦ የተሰበሰበ የሱፍ ሹራብ አስቡ፤ እጅጌው ውስጥ እጅ አይዘረጋም። ከ180 ዲግሪው ደግሞ ወደ 120 የሚሆነው የሚመጣው ከዚህ ከኳሱ ነው። የቀረውን 60 የሚሰጠው ከጀርባ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት በጎድን ላይ ሲንሸራተት ነው። ኳሱ ሲደርቅ ይሄ የኋላው አጥንት ብቻውን ይሠራል። ለዚህ ነው ሁላችንም ትከሻችንን ወደ ጆሯችን እየሰቀልን "አነሳሁ" የምንለው። አንገታችን ማታ ማታ የሚቆረጥመንም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። በሽታው በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ የሕመም ጊዜ ነው፦ ሌሊት አያስተኛም፣ እንቅስቃሴውም እየጠበበ ይሄዳል። ቀጥሎ የድርቀት ጊዜ ነው፦ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ትከሻው ግን ይቆለፋል። ሦስተኛው የመፈታት ጊዜ ነው። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ሕክምናው የሚለያየው እንደ ደረጃው ነው። በሕመሙ ጊዜ ጠንካራ መለጠጥ ነገሩን ያባብሳል። በድርቀቱ ጊዜ ደግሞ እየሳሱ መንካት የትም አያደርስም። ሰዎች "ፊዚዮ አሰቃየኝ" ወይም "ፊዚዮ ምንም አላደረገልኝም" ሲሉ ስሰማ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ምን ደረጃ ላይ ነበርክ የሚለውን ነው።

እኔ ስመጣ ገና ሕመሙ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ የሕፃን ጨዋታ ይመስል ነበር።

አንደኛው ማወዛወዝ ነው። ግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ። ቀኝ እጄ ወደ መሬት ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ እጄን ሳይሆን ሰውነቴን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዛለሁ፤ እጄ ተከትሎ ይሄዳል። ትንሽ ክብም ይሠራል። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ይሄ እንቅስቃሴ ኮድማን በሚባል የቦስተን ቀዶ ሐኪም ስም ይጠራል። ፍሮዝን ሾልደር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣውም እሱ ነው። ሰው ሲሠራው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ እጁን በጡንቻው ያወዛውዘዋል። ጡንቻው ከሠራ ጥቅሙ ይጠፋል። እጁ የሞተ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ መዳፌን ጨርቅ ላይ አደርጋለሁ። ወደ ፊት ጎንበስ ስል እጄ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል። እጄን ሳላነሳ ትከሻዬ ተነሳ ማለት ነው። ፈተና በማርምበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የምሠራው።

ሦስተኛው ሳይንቀሳቀሱ መግፋት ነው። ክርን ጎን ላይ፣ ጡጫ ግድግዳ ላይ፣ መሃል ትራስ። አምስት እስክቆጥር በቀስታ እገፋለሁ፣ እለቃለሁ። ትከሻው አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻው ግን እንዳይተኛ ይደረጋል።

እንቅልፉን ያስተካከለልኝ ግን ትራስ ነው። በጀርባዬ ስተኛ ከክንዴ ሥር ትራስ አደርጋለሁ፤ ክርኔ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። በግራ ጎኔ ስተኛ ደግሞ ሌላ ትራስ አቅፋለሁ፤ ቀኝ እጄ በደረቴ ላይ ተጎትቶ እንዳያድር። ይህን የነገረችኝ ማታ የመጀመሪያውን ረጅም እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ፤ ዛሬ ማታ ይሠራል።

ሕመሙን የምንመራበት ሕግም ሰጠችኝ። ከ10 ስንት ይላል ተብሎ ይቆጠራል። እንቅስቃሴ ስሠራ እስከ 3 ወይም 4 ቢደርስ ችግር የለም፣ ካቆምኩ በኋላ ቶሎ እስከበረደ ድረስ። ሌሊት ከወትሮው ካመመኝ ግን በዝቷል፤ በነጋታው ይቀነሳል እንጂ አይተውም። ይሄ ሕግ ከሁለቱም ስህተት ያድናል። ከፈሪውም፣ "ካላመመ አይድንም" ከሚለው ጀግናም።

የአጥንት ሐኪሙ በዚሁ ጊዜ መገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ መወጋት እንደምችል ነገረኝ። መርፌው በተለይ በሕመሙ ጊዜ ያስታግሳል፤ እንቅስቃሴውን ለመሥራት ፋታ ይሰጣል። ስኳር ላለበት ሰው ግን አንድ ጣጣ አለው፦ ለቀናት የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስኳሬን ለሚከታተለኝ ሐኪም አስቀድሜ ነገርኩት። ተወጋሁ፤ እውነትም ስኳሬ ዘለለ፤ ቤት እየለካሁ ጠበቅኩት፣ ወረደ። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች ለሁለቱም ሐኪም ሳትናገሩ እንዳትወጉ። መርፌው ሌሊቴን መለሰልኝ። ዲግሪ ግን ብዙም አልጨመረልኝም። ዲግሪው የመጣው ከሥራው ነው።

ሌሊት መተኛት ስጀምርና ትከሻዬ እንዳይከፈት ሆኖ ሲቆለፍ ሥራው ተቀየረ። አሁን የፊዚዮቴራፒስቷ እጅ ገባ። በጀርባዬ ታስተኛኛለች። የክንዴን አጥንት ከብብት አጠገብ በሁለት እጇ ትይዛለች። ከዚያ በትንንሹ፣ በምት፣ ኳሱን ወደ ታች ትገፋዋለች፤ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ማሸት አይደለም። መጎተትም አይደለም። አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ማይትላንድ ይሄን ዓይነቱን ግፊት በደረጃ ከፍሎታል፦ 1ኛና 2ኛው ለስላሳ ናቸው፣ ለሕመም፤ 3ኛና 4ኛው እስከ ድርቀቱ ጫፍ ይገባሉ፣ ለመክፈት። ቀድሞ በ1ና በ2 ነበር የምትነካኝ፤ አሁን ወደ 3ና 4 ወጣች። ያማል ወይ? አዎ፣ ጠልቆ የሚለጠጥ ስሜት አለው። ስለታም ውጋት ከሆነ ግን "ይንገሩኝ" ትላለች፣ ወዲያው ትቀንሳለች። የምትነግሩትን የማይሰማ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተነሡና ውጡ።

ያም ሆኖ ከእሷ ጋር የምቆየው በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ትከሻዬ የተፈታው በቀረው ጊዜ ቤቴ ነው። የቤቱን ሥራ ዘርዘር ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚያጣው ይሄን ነውና።

መጀመሪያ ሙቀት። በሃይላንድ ላስቲክ ሞቅ ያለ ውሃ እሞላና በፎጣ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አስሬ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ሞቅ ያለ ነው ያልኩት፣ የፈላ አይደለም፤ ላስቲኩም ይቀልጣል፣ ሰውም ይቃጠላል። ስኳር ያለበት ሰው ቆዳው ላይ ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ሙቀቱን በደህናው እጅ ይፈትሸው።

ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት። በጀርባዬ እተኛለሁ። ከቀኝ ክርኔ ሥር የታጠፈ ፎጣ አደርጋለሁ። ክርኔ ጎኔ ላይ እንደታጠፈ እንጨቱን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ግራ እጄ እንጨቱን እየገፋ ቀኝ እጄን ወደ ውጭ ያዞረዋል። ጫፉ ላይ ሲደርስ 30 ሰከንድ እቆያለሁ፣ እለቃለሁ፣ እደግመዋለሁ። ፊዚዮዋ "ቲቸር፣ ሌላው ቢያመልጥዎት ይሄ አያምልጥዎት" ትለኝ ነበር። ወደ ውጭ መዞር ካልተከፈተ እጅ ወደ ላይ በደንብ አይወጣም። በዚያው እንጨት ሁለቱንም እጅ ወደ ጭንቅላት በላይ ማንሳትም አለ፤ ደህናው የታመመውን ይሸከማል።

ከዚያ ግድግዳ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጣቶቼን እያስኬድኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ፦ ጠመኔ። የደረስኩበት ላይ መስመር አሰምርና ወሩን እጽፋለሁ። ኅዳር እዚህ፣ ታኅሣሥ እዚህ። ባለቤቴ "ቀለም የተቀባው ለዚህ ነው?" ቢልም ዝም አልኩት። በየቀኑ ለውጥ አይታይም፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም ለዚህ ነው። በወር ግን መስመሩ ከፍ ይላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ሰቅላችሁ የወጣችሁት ከፍታ አይቆጠርም። መስታወት አጠገብ ብትሠሩ ማጭበርበራችሁ ይታያችኋል።

የትከሻውን ኋላ ለመለጠጥ ደግሞ ቀኝ ክርኔን በግራ እጄ ይዤ በደረቴ ፊት ወደ ግራ ትከሻዬ እስባለሁ። ቀላል ነው፤ ታክሲ ተቀምጬም እሠራዋለሁ። ረዳቱ አንዳንዴ ግራ ተጋብቶ ያየኛል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነጠላ ነው። ነጠላውን አጥብቄ ጠቅልዬ በግራ እጄ ከላይ በትከሻዬ ላይ ወደ ጀርባ እለቀዋለሁ። ቀኝ እጄ ከታች ከወገቤ ኋላ ጫፉን ይይዛል። ግራው ወደ ላይ ሲስብ ቀኙ በጀርባ ላይ ይወጣል። በሕመሙ ጊዜ ይሄን የሞከረ ሰው ያለቅሳል፤ አትቸኩሉ። እጅን ወደ ጀርባ መውሰድ ዘግይቶ የሚመለስ እንቅስቃሴ ነው። እኔ ላይም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

በአንድ ጊዜ ብዙ ከመሥራት ትንሽ ትንሹን በቀን ደጋግሞ መሥራት ይሻላል። እኔ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ በምሳ ዕረፍት በመምህራን ክፍል፣ ማታ ከዜና በፊት ነበር የምሠራው። የመምህራን ክፍሉ መጥረጊያ ለዚህ ሥራ ተሹሞ ቀረ።

ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ፊዚዮዋን ስለ ስግደት ጠየቅኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ በቁም ነገር ነው የመለሰችልኝ። ሲሰገድ መዳፍ መሬት ላይ አርፎ የሰውነት ክብደት ወደ ትከሻ ይመጣል። ያን ጊዜ ገና ስለነበር "ዘንድሮ ክብደት እጅዎ ላይ አይጣሉ" አለችኝ። የንስሐ አባቴን ሳማክር ቆሜ ጎንበስ በማለት እንድፈጽም ነገሩኝ። ሙስሊም ባልደረባዬም ጉልበቷን ታሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደምትሰግድ አጫወተችኝ። ጠይቁ፤ ባለሙያውም የሃይማኖት አባቱም መልስ አላቸው። ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መስገድም፣ ከነጭራሹ መተውም አያስፈልግም።

ክፍል ውስጥ ሦስት ነገር ቀየርኩ። ወደ ሰሌዳው በጣም ተጠግቼ እቆማለሁ፤ እጅ በተዘረጋ ቁጥር ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ይሄ እንኳ የፊዚክስ መምህሩ ነገር ነው። እግሬ ሥር ዝቅ ያለ መርገጫ አስቀመጥኩ። ረጃጅሙን ሥራ ደግሞ ተማሪዎች ወጥተው እንዲሠሩ አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻው ለእነሱም ጠቅሟል፤ አሁን ትከሻዬ ከዳነም በኋላ አልተውኩትም።

እንቅስቃሴው ሲመለስ ጉልበት ይጎድላል። ለወራት ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። ለዚህ ላስቲክ ባንድ ይሸጣል፤ እኔ ግን ከጎማ ሠሪ ቤት አሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) አስቆርጬ አሠራሁ። በበር እጀታ አስሬ ክርኔን ወደ ኋላ እስባለሁ፤ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከጀርባ እንዲቀራረቡ። ከዚያ ክርኔን ጎኔ ላይ አድርጌ ወደ ውጭ እስበዋለሁ። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ላስቲክ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ለማንሳት ሌላ ክብደት አልገዛሁም። ይሄ ደረጃ አሰልቺ ነው፣ አያምም፣ ለዚህም ብዙ ሰው ይተወዋል።

ቀዶ ሕክምናስ? እኔን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ውጭ ሄደሽ ተሠሪ ብለውኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ የብሪታንያ ጥናት ወጥቷል። በ35 ሆስፒታሎች 503 ታማሚዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን በማደንዘዣ ተኝቶ ትከሻው ተንቀሳቀሰለት። አንዱ በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ተከፈተለት። ሦስተኛው ቀደም ብሎ የተደራጀ ፊዚዮቴራፒ ከስቴሮይድ መርፌ ጋር ወሰደ። ከዓመት በኋላ ሲታይ አንዱ ከሌላው ለታማሚው ጎልቶ የሚሰማ ብልጫ አልነበረውም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ በደንብ ተሠርቶ ለወራት እምቢ ያለ ትከሻ ይኖራል። መጀመሪያ የሚሸጥ ንብረት ፈልጎ ለቀዶ ሕክምና መሮጥ ግን አያስፈልግም።

ስለ ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ ለሁላችንም በየሳምንቱ መክፈል ይከብዳል። የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለባቸው አሉ፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ ዋጋው ይቀላል። የግል ከሆነ ደግሞ ግልጽ ሆናችሁ ንገሯቸው። እኔ "የኔ ልጅ፣ በየቀኑ መምጣት አልችልም፣ ቤት የምሠራውን አስተምሪኝ" አልኳት። ልጄ በስልኳ ቪዲዮ እንድትቀርጽ ፈቀደችልን። መጀመሪያ በሳምንት፣ ቆይቶ በሁለት ሳምንት፣ በኋላ በወር አንዴ ሆነ። በየመጣሁ ቁጥር ትለካለች፣ አንዱን ታስተወኛለች፣ አንዱን ትጨምራለች።

አሁን የሰሌዳው ላይኛው መስመር ላይ እጽፋለሁ። ነጠላዬን ራሴ እለብሳለሁ። ጡት ማስያዣዬን ግን ከፊት ቆልፌ ነው የማዞረው፤ በዚህ ተስማምተናል። ስኳሬን ከበፊቱ በበለጠ እከታተላለሁ፤ አንዳንድ ሰው ላይ በሽታው ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላው ትከሻ ስለሚዞር ግራዬንም ያንን ወደ ውጭ የማዞር ፈተና አልፎ አልፎ አስፈትነዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊዚዮ የምትሄዱ ከሆነ ራጃችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና ስኳር ካለባችሁ የቅርቡን ውጤት ያዙ። የማትችሉትን ሦስት ነገር ጻፉ፤ "ያመኛል" ከማለት "ጸጉሬን ማበጠር አልችልም" ማለት ለባለሙያው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሦስት ጥያቄም ጠይቁ፦ ምን ደረጃ ላይ ነኝ፣ ቤት ምን ልሥራ፣ መቼ ነው የምትለኩኝ። ልብሳችሁ ደግሞ ከፊት የሚከፈት ይሁን፤ በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ለብሶ የመጣ ሰው ምርመራው ሳይጀመር ላብ በላብ ይሆናል።